ታላቅ ወንድም ሻንጣውን ሲሸክፍ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1960 ሞስኮ ለቤጂንግ አንድ ማስታወሻ ላከች። ሐሳቡ ሲጠቀለል አጭር ነው፦ እናንተ ዘንድ የሚሠሩትን ባለሙያዎቻችንን በሙሉ እናስወጣለን። በአንድ ወር ከምናምን ጊዜ ውስጥ 1,390 የሶቪየት መሐንዲሶች፣ ሳይንቲስቶችና አማካሪዎች ሻንጣቸውን ሸክፈው ወደ አገራቸው ተመለሱ። 343 የባለሙያ ውሎች ፈረሱ፤ 257 የሳይንስና የቴክኒክ ትብብር ሥራዎች ቆሙ። መሠረታቸው ወጥቶ ማሽን የሚጠብቁ ፋብሪካዎች ነበሩ። ማሽኑ ገብቶላቸው የሚገጥምላቸው ሰው ያጡም ነበሩ። ብዙ ቦታ ደግሞ ባለሙያው ሲሄድ ንድፉም አብሮት ሄደ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም የፈረንጆች ናቸው።)

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሁለት አገሮች ጠላቶች አልነበሩም። ጦርነት አልተነሣም፤ በአንዳቸውም ቤት መንግሥት አልተገለበጠም። የሁለቱም ቢሮ ግድግዳ ላይ ያው ማርክስ፣ ያው ሌኒን ተሰቅሏል። የ30 ዓመት የወዳጅነትና የመረዳዳት ውል ከተፈራረሙ ገና አሥር ዓመታቸው ነው።

እኔ ታሪክ አጥኚ አይደለሁም። ኢንጂነሪንግ ተምሬ ኮድ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህን ታሪክ ግን አንዴ ካገኘሁት በኋላ ልተወው አልቻልኩም፤ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ስለሱ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። የሳበኝ የርዕዮተ ዓለም ክርክሩ አይደለም። ያ ንድፍ ነው። ፋብሪካው ቻይና መሬት ላይ ቆሟል፣ የቻይና ሠራተኛ ላቡን አፍስሶበታል፣ የቻይና ገንዘብ ወጥቶበታል። ግን እንዴት እንደሚሠራ የሚናገረው ወረቀት በሌላ ሰው ሻንጣ ውስጥ ነው። ታዲያ ፋብሪካው የማን ነበር?

ከመጀመሪያው እንጀምር። ማኦ ዜዱንግ ሕዝባዊ ሪፐብሊኩን ባወጀ በሦስተኛው ወር፣ ዲሴምበር 1949፣ ሞስኮ ገባ። እዚያ ሁለት ወር ያህል ቆየ፤ ስታሊን አንዴ ሲያገኘው አንዴ ሲያስጠብቀው። በመጨረሻ ፌብሯሪ 14 ቀን 1950 ውሉ ተፈረመ። ሶቪየት ኅብረት በአንድ በመቶ ወለድ 300 ሚሊዮን ዶላር አበደረች። ከውሉ ጋር ተያይዘው ሕዝብ እንዲያያቸው ያልተፈለጉ ሰነዶችም ነበሩ፤ ለምሳሌ ማንቹሪያና ሺንጂያንግ ውስጥ ለሌላ አገር ዜጎች የሥራ ፈቃድ እንዳይሰጥ የሚል ነበረበት። የገዛ አገርህ ውስጥ ማንን እንደምታስገባ ወዳጅህ ይነግርሃል ማለት ነው። ማኦ ይህን ዋጠው፤ ግን አልረሳውም።

እርዳታው ግን የውሸት አልነበረም። ይህን መካድ ግፍ ነው። በመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ዙሪያ «156ቱ ፕሮጀክቶች» የሚባሉት መጡ፦ ብረት ማቅለጫ፣ የኃይል ማመንጫ፣ የማሽን ፋብሪካ። ቻንግቹን ከተማ ላይ የተሠራው የመኪና ፋብሪካ በ1956 የመጀመሪያውን የቻይና የጭነት መኪና አስወጣ፤ መኪናው የሶቪየቱ ዚስ 150 ግልባጭ ነበር። በ1957 ዉሃን ላይ የያንግትዜን ወንዝ የተሻገረው ድልድይ ሲሠራ የሶቪየት መሐንዲሶች አብረው ነበሩ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቻይናውያን ተማሪዎችም ወደ ሶቪየት ዩኒቨርሲቲዎች ሄዱ። በታሪክ ውስጥ አንድ አገር ለሌላው ይህን ያህል ፋብሪካ በዚህ ፍጥነት ያሻገረበት ጊዜ ብዙ አይገኝም።

በዚያን ዘመን ቻይናውያን ሶቪየት ኅብረትን የሚጠሩበት ስም ነበራቸው፤ «ታላቅ ወንድም»።

ይቺ ቃል ላይ ቆም እንበል፤ እኛ ቤትም ትርጉሟ ያው ነውና። ታላቅ ወንድም ያስተምርሃል፣ ልብሱን ያወርስሃል፣ ሠፈር ውስጥ የነካህን ይጣላልሃል። ግን ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲመክር ወንበር የሚሳብለት ለእሱ ነው፤ አንተ ቡና ታቀርባለህ። ሠላሳ ዓመት ሞልቶህ፣ ልጅ ወልደህም፣ ለእሱ «ልጁ» ነህ። ውለታው እውነት ስለሆነ አፍህን ያስይዝሃል። «ወንድማማች ነን» ስንል «እኩል ነን» ያልን ይመስለናል። አላልንም።

ስንጥቁ መታየት የጀመረው ታላቅየው ሳያማክር መወሰን ሲያበዛ ነው። ፌብሯሪ 1956 ኒኪታ ክሩሽቾቭ በሶቪየት ኮሚኒስት ፓርቲ 20ኛ ጉባኤ ላይ ስታሊንን ያወገዘበትን ዝግ ንግግር አደረገ። ንግግሩ ብዙ እውነት ነበረበት። ነገር ግን ስታሊን በቤጂንግም በቲራናም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰው ነው፤ ላውርደው ነው ብሎ አስቀድሞ ያማከራቸው የለም።

ከዚያ 1958 መጣ። ሞስኮ የጋራ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ኃይል እናቋቁም፣ ለመርከቦቹም የረጅም ሞገድ ሬዲዮ ጣቢያ ቻይና ጠረፍ ላይ እንትከል አለች። ለሞስኮ ይህ ቴክኒካዊ ሐሳብ ነው። ማኦ ግን አምባሳደሩን ፓቬል ዩዲንን አስቀምጦ ወረደበት፦ እናንተ የምታምኑት ራሳችሁን ብቻ ነው፣ ሩሲያዊ አንደኛ ቻይናዊ ሁለተኛ ደረጃ ነው የምትሉን የሚል ይዘት ያለው ረጅም ወቀሳ። ክሩሽቾቭ ነገሩን ሊያበርድ በችኮላ ቤጂንግ በረረ። ማኦ መዋኛ ገንዳው ላይ ተቀበለው። ማኦ ዋና ይወዳል፤ ክሩሽቾቭ ደህና ዋናተኛ አይደለም። የኑክሌር ኃያሏ አገር መሪ ተንሳፋፊ ታጥቆ ውሃ ላይ እየተንቦጫረቀ ስለ ጂኦፖለቲካ እንዲያወራ ሆነ። ታናሽ ወንድም ፊት ለፊት መናገር ሲያቅተው እንዲህ በአሽሙር ይናገራል።

በ1959 ሁለት ነገር ተደራረበ። ጁን ላይ ሞስኮ ቃል የገባችውን የአቶሚክ ቦምብ ናሙና አልሰጥም አለች። ሴፕቴምበር ላይ ቻይናና ሕንድ ድንበር ላይ ሲጋጩ ደግሞ የሶቪየት ዜና አገልግሎት ታስ ለማንም የማያዳላ መግለጫ አወጣ። ሞስኮ ለዚህ የራሷ ምክንያት ነበራት፦ ክሩሽቾቭ ከአሜሪካ ጋር ውጥረቱን ማርገብ ይፈልጋል፣ የማኦ አዝማሚያም ያሰጋዋል። ከቻይና በኩል ሲታይ ግን ወንድምህ ሠፈር ውስጥ ስትደባደብ አይቶ «ሁለታችሁም ተዉ» እንዳለ ነው። በቀጣዩ ዓመት ጁን ላይ ቡካሬስት ውስጥ የፓርቲዎቹ ተወካዮች ፊት ለፊት ተሰዳደቡ። ከአንድ ወር በኋላ ማስታወሻው ተላከ።

ይህን ሳነብ ሰውነቴ የሚያውቀው ነገር ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት እሠራበት የነበረው ድርጅት የመጋዘንና የሽያጭ ሲስተሙን ያሠራው በውጭ ተቋራጭ ነበር፤ ውሉ የተፈረመው እኔ ሳልቀጠር ነው። ተቋራጮቹ ጎበዞች ነበሩ፤ እንግባባለን፣ ምሳም አብረን እንበላለን። በክፍያ ጉዳይ ከአለቆች ጋር ተጣሉ። አንድ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስንገባ የአድሚን ፓስወርዱ አይሠራም። ሰርቨሩ የተመዘገበው በእነሱ ስም ነው። ሶርስ ኮዱን ዓይናችን አይቶት አያውቅም። እጃችን ላይ የቀረው የዳታቤዝ ባክአፕና ተጠቃሚዎች ያተሟቸው ሪፖርቶች ብቻ ናቸው። ሦስት ልጆች ሆነን አራት ወር ሙሉ ከሪፖርቱ ወደ ኋላ እየሄድን፣ «ይቺ ቁጥር ከየት መጣች?» እያልን እንደገና ሠራነው። የሥራ ባልደረባዬ በሁለተኛው ሳምንት ያለው ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ሲስተሙ የእኛ መስሎን ነበር እኮ።»

ቻይናውያን መሐንዲሶችም በ1960 ያደረጉት ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ መሆኑ። የቦምቡን ፕሮጀክት «596» ብለው ሰየሙት፤ ሞስኮ እምቢ ያለችበት የ1959 ስድስተኛ ወር ማለት ነው። የፕሮጀክታችሁን ስም የተካዳችሁበት ቀን ስታደርጉት አስቡት። ኦክቶበር 16 ቀን 1964 ሎፕ ኑር በረሃ ላይ ፈነዳ፤ ክሩሽቾቭ ከሥልጣን በወረደ በሁለተኛው ቀን። ናንጂንግ ላይ ያንግትዜን የሚሻገረው ሌላው ድልድይ ብረቱ ከሶቪየት ሊመጣ ነበር የታሰበው። ሲቀር የአንሻን ብረት ፋብሪካ የሚበቃ ብረት እስኪያወጣ ተሠራ፤ ድልድዩም በ1968 ተከፈተ። አንሻን ራሱ በሶቪየት እርዳታ የታደሰ ፋብሪካ መሆኑን አትርሱ። የተማርከው ነገር ካስተማረህ ሰው ያላቅቅሃል።

ግን ታሪኩን የጀግና ተረት አናድርገው። ባለሙያዎቹ የወጡት ቻይና በታላቁ የወደፊት ዝላይ ዘመቻ ሳቢያ በረሃብ እያለቀች ባለችበት ሰዓት ነው። ለረሃቡ ተጠያቂው የማኦ የራሱ ፖሊሲ ነበር፤ የቤጂንግ ባለሥልጣናት ግን ለዓመታት ለሕዝባቸው «ታላቅየው ጥሎን ሄዶ ነው» ማለት ቻሉ። ጥሎህ የሄደ ወንድም ለዚህም ይጠቅማል፤ የራስህን ጥፋት ሁሉ ታሸክመዋለህ።

አሁን ወደሚገርመኝ ነጥብ ልምጣ። ሁለት ተራ መንግሥታት ሲጣሉ «ይህ ጥቅሜን ይነካል» ይባባላሉ፤ ይደራደራሉ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። እነዚህ ግን ይህን ማለት አይችሉም ነበር። በአንድ እውነት የሚያምን አንድ ቤተሰብ ውስጥ የጥቅም ግጭት ሊኖር አይችልም ተብሏላ! ስለዚህ ልዩነት ሲፈጠር አንዱ የግድ መናፍቅ መሆን አለበት። ቤጂንግ ሞስኮን «ከላሽ» አለች፤ ማርክሲዝምን በረዛችሁ ነው ነገሩ። ሞስኮም ቤጂንግን ቀኖና አምላኪ፣ ጀብደኛ አለች። የባሕር ሰርጓጅ ጉዳይ ቢሆን በመሃል ተስማምቶ መጨረስ ይቻላል። ሃይማኖት ከሆነ ግን መሃል የለውም።

መጨረሻው ማርች 1969 ሆነ። ኡሱሪ ወንዝ ላይ ባለች፣ ሰው በማይኖርባት አንዲት ትንሽ ደሴት የሁለቱ «ወንድማማቾች» ወታደሮች ተገዳደሉ። ያኔ የሶቪየቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኮሲጊን ቤጂንግ ስልክ ሲደውል፣ የቻይናው የስልክ ኦፕሬተር «ከከላሽ ጋር አናወራም» ብሎ አላገናኝም አለው ይባላል። ሁለት የኑክሌር ባለቤቶች ጦርነት አፋፍ ላይ ቆመው ስልክ የሚያነሣ ሰው ጠፋ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ማኦ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ቤጂንግ ተቀበለ። ከወንድም ይልቅ ከጠላት ጋር መነጋገር ቀለለ፤ ከጠላት ጋር ቢያንስ ስለ ጥቅም ማውራት ያምርበታል።

ይህ ነገር እኛም ደጃፍ ደርሶ ነበር። አጎቴ በ1977ቱ የኦጋዴን ጦርነት የታንክ መካኒክ ነበር። የሠለጠነው በአሜሪካ ታንክ ነው። ኢትዮጵያና አሜሪካ ሲቆራረጡ መለዋወጫው ቀረ፤ ጥቂት ቆይቶ የሩሲያ ታንክ መጣና መጽሐፉን ከሀ መጀመር ሆነ። «ካስተማሩን ሩሲያኖች አንዱ» ይላል አጎቴ፣ «ሶማሊኛ ይሞካክር ነበር። ከየት አመጣኸው ስንለው፣ ከዚያ በፊት ሞቃዲሾ ነበርኩ አለን።» ከዚያ ትንሽ ዝም ይልና «የሚተኩስብኝን ታንክ ያስጠገነ ሰው ነው ታንኬን ያስጠገነኝ» ይላል።

አጎቴ ያጋነነው ነገር የለም። ሶማሊያ በ1974 ከሞስኮ ጋር የወዳጅነት ውል የፈረመች አገር ነበረች። ደርግም ወደ ሞስኮ እየቀረበ ነበር። ማርች 1977 ፊደል ካስትሮ ኤደን ላይ መንግሥቱ ኃይለማርያምንና ሲያድ ባሬን አንድ ክፍል አስገብቶ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያንና ደቡብ የመንን በአንድ ፌዴሬሽን ለማስተሳሰር ሞከረ። ሐሳቡ ያው ነው፦ ሁላችንም ሶሻሊስት ከሆንን ድንበር ምን ያጣላናል? ሲያድ ባሬ አልተቀበለም፤ በወራት ውስጥ ጦሩ ኦጋዴንን ወረረ። ሞስኮ ወደ አዲስ አበባ ስታዘነብል ኖቬምበር 13 ቀን ሶማሊያ የሶቪየት አማካሪዎችን አባረረች፣ የበርበራን ወደብም ዘጋችባቸው። ያን ጊዜ ሻንጣ ሸክፉ ያለው ታናሽየው ነበር። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የአየር ድልድዩ ተከፈተ፤ ከ10 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮችም ገቡ፤ ማርች 1978 ጅጅጋ ተመለሰች።

ከድሉ በኋላም ቢሆን «ወንድሞቹ» አልተስማሙም። ኩባ ቀደም ሲል የኤርትራን ታጋዮች ትደግፍ ስለነበር እነሱን በቀጥታ ለመዋጋት ፈቃደኛ አልሆነችም። በዚያው 1978 ደግሞ ኩባና ደቡብ የመን ከደርግ ጋር የተቆራረጠውን የመኢሶን መሪ ነገደ ጎበዜን በድብቅ አዲስ አበባ አስገብተው ተገኙ። ነገሩ ሲታወቅ የኩባ አምባሳደር አገር ለቅቆ እንዲወጣ ተደረገ። ልጆቻቸው ለእኛ መሬት ሞተው ነበር፤ ያም ሆኖ ለቤታችን የሚበጀውን እኛ እናውቃለን ብለው ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

ለእኔ ከሁሉ የከበደው ግን የአልባንያ ታሪክ ነው። ትንሿ አልባንያ በ1960 ከቻይና ጎን ቆመች። ሞስኮም በ1961 ባለሙያዎቿን ከቲራና አስወጣች፣ እርዳታውን አቆመች፣ ቪሎራ ላይ የነበሩትን ባሕር ሰርጓጆቿን ጠራች፤ አልባንያውያን አራቱን አስቀሩ። ቻይና ደረሰች፦ ስንዴ ላከች፣ ባለሙያ ላከች፣ ኤልባሳን ላይ ትልቅ የብረት ፋብሪካ መሥራት ጀመረች። ከዚያ አልባንያ የኒክሰንን ጉብኝት፣ ቀጥሎም የቤጂንግን አዲስ የውጭ ፖሊሲ ነቀፈች። ጁላይ 1978 ቻይና እርዳታዋን በሙሉ አቆመች፤ ባለሙያዎቿንም ጠራች። ወሩ እንኳ ያው ጁላይ ነው። በ1960 የተደረገባትን የማትረሳው አገር፣ 18 ዓመት ቆይታ ቃል በቃል በታናሿ ላይ ደገመችው። ቻይና ክፉ ስለሆነች ብቻ አይመስለኝም። ያ ወንበር እንደዚያ ያደርጋል፤ የተቀመጠበት ሁሉ ሻንጣ ማሸከፍ ይቀለዋል።

ሜይ 1989 ጎርባቾቭ ቤጂንግ ሄዶ ከዴንግ ሺያኦፒንግ ጋር ተጨባበጠ። ዴንግ በ1960ዎቹ የቃላት ጦርነት ላይ ከግንባር ተሰላፊዎቹ አንዱ ነበር። ያን ቀን ለእንግዳው የነገረው ፍሬ ነገር፦ ያኔ ሁለታችንም ብዙ ባዶ ቃል ተናግረናል፤ ዋናው ችግር ቻይናውያን እንደ እኩል አለመታየታቸው፣ መዋረዳቸው ነበር የሚል ነው። ኢንዱስትሪያችንን ስትመሠርቱልን ያደረጋችሁልንንም አልረሳንም ብሏል። ያ ሁሉ ጋዜጣ፣ ያ ሁሉ «ከላሽ»፣ ያ ሁሉ ሬሳ፤ ለካ ነገሩ ወንበር ነበር።

እኔስ? እኔና ሁለት ጓደኞቼ አሁን የራሳችን ትንሽ ድርጅት አለን። በአንድ የክልል ከተማ ላለ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም እየሠራን ነው። ሰዎቹ ይወዱናል። ሊቀመንበራቸው «ልጆቼ» ነው የሚሉን። በዚህ ሳምንት ቢሮ ውስጥ የምንጨቃጨቀው በአንድ የውል አንቀጽ ነው፦ ሶርስ ኮዱን፣ ፓስወርዱንና ሙሉ ሰነዱን እናስረክብ ወይስ አናስረክብ? ጓደኛዬ «ካስረከብን ነገ ሌላ ሰው በግማሽ ዋጋ ይወስደዋል» ይላል። ውሸት አይደለም፤ የምንከፍለው የቤት ኪራይ አለ። እኔ ደግሞ ይካተት እያልኩ ነው፤ ከእነሱ አንድ ልጅም ለሦስት ወር አጠገባችን ተቀምጦ ይማር የሚል ሌላ አንቀጽ ጨምሬያለሁ። ያ ከባዱ ነው፤ ወረቀቱን ሰጥቶ የሚያነበው ሰው ካልተዉለት ምን ዋጋ አለው?

ትናንት ሊቀመንበሩ ስልክ ደውለው ረቂቁን አየሁት አሉ። «ኧረ ልጆቼ፣ እናምናችኋለን እኮ! ይሄ ሁሉ አንቀጽ ምን ያደርጋል?»

«ብንጣላስ ጋሼ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «እኛና እናንተ? በምን እንጣላለን?»

እሱን አላውቅም አልኳቸው። አንቀጹን ግን ደግመው እንዲያነቡት፣ ያልገባቸው ካለም ሰኞ መጥቼ እንደማስረዳቸው ነገርኳቸው።